«ዲድንት ዌንት» ከየት መጣ? ስለ እንግሊዝኛ ያለፈ ጊዜ ግስ በስህተት የምናስባቸው ነገሮችና እውነታው

ደብረ ማርቆስ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ፣ አብዛኞቹ የስምንተኛና የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ናቸው። እስካሁን ያረምሁት ስህተት ቢቆጠር ብዙ ነው ግን ምንጩ ሁሌ አንድ ቦታ ነው። የአማርኛ ግስ ሁሉን ተሸካሚ ነው። እስቲ «ፈረደብኝ» በሉ። አንድ ቃል ነች፣ ግን ውስጧ እሱ አለ፣ እኔ አለሁ፣ ጊዜው አለ፣ «በኔ ላይ» ሚለውም አለ። እንግሊዝኛ ይሄን ሁሉ በትኖ እያንዳንዱን ለብቻው ያቆመዋል። ልጁ ጭነቱን ሳያራግፍ እንዳለ ላሻግር ሲል ነው አባይ በረሃ ላይ ሚቀረው።

«የእንግሊዝኛ ያለፈ ጊዜ ከባድ ነው፣ በየሰዉ ይለዋወጣል» ይሉኛል። ኧረ ተገላቢጦሹ ነው! ሚለዋወጠው የኛ ነው እኮ፣ ሄድሁ፣ ሄድህ፣ ሄድሽ፣ ሄደ፣ ሄደች፣ ሄድን፣ ሄዳችሁ፣ ሄዱ (አዲስ አበቤዎቹ ሄድኩ ሄድክ ይላሉ፣ እሱን ለነሱ ትተነዋል)። እንግሊዝኛው ለሁሉም «ዌንት» ብሎ ቁጭ። አይ ዌንት፣ ሺ ዌንት፣ ዘይ ዌንት። ባለፈ ጊዜ እንደ ባለቤቱ ሚቀየሩት «ዋዝ» እና «ዌር» ብቻ ናቸው። ግን ቅለቱ በነጻ አልመጣም፣ ግሱ ማን እንደሄደ ስለማይነግርህ ተውላጠ ስሙን መጣል አትችልም። እኛ «ትናንት ገበያ ሄድሁ» ስንል «እኔ» ማለት አያስፈልገንም፣ እንደውም ካልነው ሌላ ሰው ሳይሆን እኔ ነኝ ለማለት ይመስላል። እዛ «ዌንት ቱ ዘ ማርኬት» ብለህ ከጀመርህ ግን አንባቢው ማን? ብሎ ይጠብቅሃል። ፈረንጆች እርስበርስ ቴክስት ሲደራረጉ ይጥሉታል፣ ፈተና ላይ ግን እንዳትሞክሩት።

ወደ «ዲድንት ዌንት» እንምጣ። ይሄን ሚጽፍ ልጅ ሰነፍ ነው ይባላል፣ እኔ አልስማማም፣ ልጁ አማርኛውን በደንብ አውቆ ነው የሳተው። «አልሄደም» ሚለውን ፈልቅቁት፣ ፊት «አል» አለ፣ ኋላ «ም» አለ፣ መሀል ላይ «ሄደ» ሳይነካ ተቀምጧል። ያለፈውን ስንክድ ያለፈው ግስ እንዳለ ነው ሚቆየው። ስለዚ ልጁም «ዌንት»ን ሳይነካ ፊቱ ላይ «ዲድንት» ሰካበት። እንግሊዝኛ ግን ያለፈ ጊዜን ሁለት ቦታ አይሸከምም፣ «ዲድ» ከመጣ ጊዜውን እሱ ይወስድና ግሱ ወደ «ጎ» ይመለሳል፣ ዲድንት ጎ። ጥያቄም ያው ነው፣ ዲድ ሂ ጎ። «ወንትድ ቱ ዌንት» ሚሉም አሉ፣ እዛም «ወንትድ» (ፈለገ) ላይ ጊዜው ስላለቀ «ወንትድ ቱ ጎ» ነው።

ሌላም ምክንያት አለ ብዬ አስባለሁ። ለኛ የግስ ራሱ ያለፈው ነው፣ መዝገበ ቃላት ስትገልጡ «ሄደ» «በላ» ብላችሁ ነው ምትፈልጉት፣ የቅኔ ቤቱም ልጅ ግስ ሲያወርድ «ቀተለ፣ ቀደሰ» እያለ ነው፣ ጎጃም ደሞ የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች ሀገር ነው፣ ይሄ ነገር ደማችን ውስጥ አለ። ስለዚ «ዌንት»ን እንደ ዋና «ጎ»ን እንደ ተቀጽላ እናየዋለን። (እንደውም «ዌንት» በትውልዱ የ«ጎ» ልጅ አይደለም፣ «ዌንድ» ከሚባል ሌላ ግስ ነው የመጣው፣ የ«ጎ» የድሮው ያለፈ ጊዜ ሲጠፋ ቦታውን ወረሰ።)

«ግሱ መጨረሻ ላይ ያለው ኝ ሁሌ ሚ ነው፣ ት ሁሌ ሂም ነው፣ ሌላ ምንም አይጨመርም።» ብዙ ውጤት የሚያስጥለው ይሄኛው ነው። ነገርሁት «አይ ቶልድ ሂም» ነው፣ አሪፍ፣ ገጠመ። አልሁት ግን «አይ ሴድ ቱ ሂም»። ጠበቅሁት ስትል ምንም መስተዋድድ (እንደ «ቱ»፣ «ፎር»፣ «ኢን» ያለ ቃል) የለህም፣ እዛ «ዌይትድ ፎር ሂም» ነው። አዳመጥሁት «ሊስንድ ቱ ሂም»፣ አስረዳኝ ደሞ «ኤክስፕሌይንድ ኢት ቱ ሚ» እንጂ «ኤክስፕሌይንድ ሚ» አይደለም፣ ይሄን አስተማሪዎችም ሲሳሳቱት ሰምቻለሁ። ግልባጩም አለ፣ እኛ መስተዋድድ ስናስገባ እነሱ ሚተዉበት። ከሷ ጋር ተጋባ እንላለን፣ «ማሪድ ሄር» ነው፣ «ዊዝ» የለበትም። ስለ ጉዳዩ ተወያየን፣ «ዲስከስድ ኢት»፣ «አባውት»ን ተዉት። ወደ ክፍሉ ገባ፣ «ኤንተርድ ዘ ሩም»። ቡሬ ደረስሁ ስንል ደሞ መስተዋድድ የለንም፣ እነሱ «አራይቭድ ኢን ቡሬ»፣ ብዙ ሰው ግን «ቱ» ይላል። ለዚህ ህግ ፈልጋችሁ አትድከሙ፣ ግሱን ከነመስተዋድዱ አንድ ላይ ነው ሚሸመደደው።

ከዚ ሁሉ ግን እኔን ሚያዝናናኝ «ብኝ» እና «ልኝ» ነው። ልጆቹ «ልኝ ፎር ሚ፣ ብኝ ኦን ሚ» ብለው ደብተራቸው ጀርባ ላይ ጽፈዋል። «ገዛልኝ» ላይ ይሰራል፣ «ቦት ኢት ፎር ሚ»። «ስልኬ ሞተብኝ» ላይም በሚገርም ሁኔታ ይሰራል፣ እነሱም «ማይ ፎን ዳይድ ኦን ሚ» ይላሉ። «ሳቀብኝ» ላይ ግን «ላፍድ አት ሚ» ይሆናል። «እስክርቢቶዬን ሰበረብኝ» ላይ ደሞ ጭራሽ ይጠፋል፣ «ሂ ብሮክ ማይ ፔን» ነው በቃ፣ ያ ጉዳቱ፣ ያ ቅሬታው፣ ያ «በኔ ላይ እኮ ነው» ሚለው ስሜት «ማይ» ውስጥ ገብቶ ተቀበረ። እውነት ለመናገር እዚህ ላይ አማርኛችን ይበልጣል።

ባለፈው ክረምት አንዱ ልጅ አርፍዶ መጣ፣ ከላይ እስከታች ውሃ ነው፣ ጫማው ጭቅ ጭቅ ይላል፣ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ብብቱ ስር ይዞታል። ምን ሆንህ በእንግሊዝኛ ንገረኝ አልሁት፣ ቀልዴን ነበር። ትንሽ አሰበና «ቲቸር፣ ሬይን ሂት ሚ» አለኝ። ዝናብ መታኝ! ክፍሉ ምንም አልሳቀም፣ ምክንያቱም ሁሉም ትክክል መስሎታል። እንግሊዝኛው ሰውየውን ነው ፊት ሚያቆመው፣ «አይ ጎት ኮት ኢን ዘ ሬይን»። እኛ ጋ ዝናቡ ባለቤት ነው እኔ ተመቺ ነኝ፣ እነሱ ጋ እኔ ባለቤት ነኝ ዝናቡ «ኢን» ኋላ ተወሽቋል።

ቦታውም ያሳስታል። «ፒክድ ኢት አፕ» ትክክል ነው፣ «ፒክድ አፕ ኢት» አይባልም። ይሄን የያዘ ልጅ ግን «ሉክድ ኢት ፎር» ብሎ ይመጣል፣ እሱ ደሞ «ሉክድ ፎር ኢት» ነው፣ «ፎር» እውነተኛ መስተዋድድ ስለሆነ ተውላጠ ስሙ ከኋላው እንጂ ከፊቱ አይገባም። ከመስተዋድድ በኋላ «አይ» አይመጣም፣ «ዩ ኤንድ አይ» ጨዋ እንግሊዝኛ ነው ብላችሁ «ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ» እንዳትሉ፣ «ሚ» ነው።

«ከሄደ በኋላ»ን «አፍተር ዌንት» ሚሉም አሉ፣ የኛ «ከ» ግሱ ላይ በቀጥታ ስለምትለጠፍ ነው። እዛ ወይ «አፍተር ሂ ዌንት» ወይ «አፍተር ጎይንግ»። «ትናንት» እና «ባለፈው ሳምንት» ፊት «ኢን» ምናምን አይገባም። ቤቴ ሄድሁ «ዌንት ሆም» ነው ያለ «ቱ»።

«ዓረፍተ ነገር በመስተዋድድ አያልቅም» ሚባለውም ልማድ እንጂ ህግ አይደለም፣ ገጣሚው ጆን ድራይደን በፈረንጆቹ 1672 ቅር ብሎት ጽፎ ነበር፣ ሰዉ ግን ዛሬም «ሁ ዲድ ዩ ጎ ዊዝ» እያለ ነው።

አንድ ቀረኝ። «ያለፈ ግስ ሁሌ ያለፈ ነገር ነው» ይባላል፣ አማርኛ ላይ ግን አይደለም። ራበኝ ስትል አሁን ነው የራበህ፣ ገባኝ ስትል አሁን ነው የገባህ፣ ስለዚ «አይ አም ሃንግሪ» እና «አይ አንደርስታንድ» ነው፣ አሁናዊ። ባሕር ዳር ሀይቁ ዳር አንድ ካፌ ተቀምጬ አስተናጋጇ የፈረንጁን ትእዛዝ ተቀበለችና «አይ ኬም! አይ ኬም!» እያለች ወደ ኩሽና ሮጠች። መጣሁ ማለቷ ነው። «አይል ቢ ራይት ባክ» ብትለው ኖሮ ገብቶት ይቀመጥ ነበር፣ ሰውየው ግን ጀርባዋን እያየ ግማሽ ተነስቶ ቀረ።