«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል»፦ የሚበላው የማን ነው?

ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ይህን ተረት እስከ መጨረሻው የሚናገር ሰው ብዙ አይገኝም። ግማሹ ይበቃል።

«አያ፣ ሊቀ መንበሩ ግቢ ሌላ ቆርቆሮ ወረደ አሉ።»

«ምን ያርግ ልጄ፣ ሲሾም ያልበላ…»

ሽማግሌው እዚያው ላይ ትቶት የበጉን ላት መዳበሱን ይቀጥላል። የቀረውን ሰሚው በሆዱ ይሞላዋል። ሹሙን ሌባ ያለው የለም፤ የሚጠይቅ ቢመጣም «ተረት ነው የተናገርሁ» ብሎ ማለፍ ይቻላል።

መጀመሪያ አነባበቡ። «ሲሾም» ላይ «ሾ» ይጠብቃል። አላልቶ ያነበበው እንደሆነ ሰውየው ሌላውን የሚሾም ይመስላል። «ሲሻር» ግን አያሳስትም፤ ሻሪው እሱ ቢሆን ኖሮ «ሲሽር» ይባል ነበር። ስለዚህ የሚሾመውም የሚሻረውም በሌላ እጅ ነው፣ ያ እጅ ደግሞ ከላይ ነው። ባላገሩ በተረቱ ውስጥ የለም። የሚበላው የማን እንደሆነ እንኳ አልተነገረም። ተረቱ ከሹሙ ጎን ተቀምጦ የሹሙን ሒሳብ ብቻ ያሰላል፤ ብዙ ሰው ምክር የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ቁልፍ «ይቆጨዋል» ነው። አንዳንዱ «ይጸጸታል» ብሎ ይጠቅሰዋል፤ ተረቱን ያበላሸዋል። ጸጸት ባጠፉት ጥፋት ነው፣ ቁጭት ግን ባመለጠ ነገር። የተሻረው ሹም ሌሊት የሚያገላብጠው በደሉን ሳይሆን ያልደረሰበትን ጎተራ ነው። ምፀቱ ያለው እዚህ ቃል ላይ ነው።

መብላቱ ከየት መጣ? ድሮ ሹም ደመወዝ አልነበረውም። በጎጃም ርስቱ የባላገሩ ሆኖ ከርስቱ ላይ የሚወጣውን ግብር የመብላት መብት ግን ጉልት ተብሎ ለሹሙ ወይም ለደብሩ ይሰጥ ነበር። «መብላት» እንግዲህ የሥርዓቱ ስም እንጂ ነውር አልነበረም። ከእህሉ ከ10 አንዱ አስራት ነው፤ ሁዳድ፣ ማለት የሹሙን እርሻ፣ ማረስና ማጨድ አለ፤ እንግዳ ሹም ሲያልፍ ድርጎ የሚባል ቀለብ፣ ፊቱ ሲቀርቡ መተያያ የሚባል ስጦታ። የመንደሩ ሹም ጭቃ ሹሙ ይሰበስባል፣ የበላዩ ሹም እንደራሴ ምስለኔው ይቆጣጠራል፣ እያንዳንዱም ሲያልፍበት ይቆነጥራል።

ነገሩ የሚበላሸው ከሹመቱ በፊት ነው። ሹመት የሚፈልግ ሰው በጌታ ደጅ ይጠናል፤ ደጅ ጥናት ደግሞ ወራትም ዓመታትም ይፈጃል። ስንቅ፣ በቅሎ፣ አሽከር፣ ለእልፍኝ አስከልካዩ ጭምር እጅ መንሻ ያስፈልጋል። ስለዚህ የተሾመ ዕለት ባለ ዕዳ ነው። በላዩ ላይ ሹም ሽር አለ፦ ጌታው ማንም ሥር እንዳይሰድ ብሎ ሹሞቹን ያገላብጣል። ዕዳ ያለበት፣ ጊዜው የማይታወቅ፣ የሚፈራው ከላይ ያለውን ብቻ የሆነ ሰው ከልማዱ በላይ ቢጠይቅ አይገርምም። ባላገሩን ይገፍፋል፣ ከሰበሰበውም ለጌታው ቀንሶ ያገባል። ሁለቱንም ይከዳል።

ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ለሚቀዝፍ ሰው ይህ ጥድፊያ አዲስ አይሆንበትም። ደንገሉ ውኃ እየመጠጠ ይከብዳል፤ ዳር ተጎትቶ ፀሐይ ካልመታው ጭነት መሸከሙ ይቀራል። ከዘጌ እንጨት የሚያመላልሰው ሰው ግን ታንኳው ሲያረጅበት ደንገል አጭዶ ሌላ ይሠራል። የሹሙ ደንገል የሚበቅለው በጌታው ደጅ ብቻ ነው።

ጉልት በ1958 ዓ.ም. በአዋጅ ቀረ። ተረቱ ግን አልቀረም፣ ውስጡ ተለወጠ እንጂ። ያኔ ወንጀሉ ልክ ማለፍ ነበር፤ ደመወዝ ለሚቆረጥለት ሹም ግን መብላቱ ራሱ ጉቦ ነው። «አባቶችም ብለዋል» እያለ ተረቱን እንደ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው የማያገናኘውን እያገናኘ ነው።

በዚያው በ1958 ዓ.ም. የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ። ጎጃም ውስጥ ይህን ተረት ከልብ ወለዱ ባላባት ከፊታውራሪ መሸሻ ጋር ማያያዝ የተለመደ ነው፤ ለእኛ ግን ልኩ አይመስለንም። ፊታውራሪ ከልማዱ ውጭ ግብር ጨምረው ባላገሩን አሳመፁ፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ይሻሩኛል ብለው የሚጣደፉ ሰው አይደሉም። የሚያስበላቸው የዘር ኩራት ነው፣ ባላገሩ እምቢ ይላል ብለውም አላሰቡም፤ ለዚህም ነው ሊቀጡት ዘምተው የተዋረዱት። ተረቱ የሚገጥመው ለመሸሻ ሳይሆን በእሳቸውና በገበሬው መካከል ለሚመላለሰው፣ ነገ ማን እንደሚተካው ለማያውቀው ትንሽ ሹም ነው።

ስትጠቀሙበት ቦታ ምረጡ። አዲስ ለተሾመ ሰው የሚባለው «ሹመት ያዳብር» ነው፤ ይህን ተረት በደስታው ድግስ ላይ ማውጣት ብላ ብሎ ማበረታታት ይሆናል። ለተሻረ ሰው ፊት ለፊት ከተነገረም ማጽናኛ አይሆንም፤ ወይ «በልተሃል» ወይ «መብላት እንኳ አልቻልህም» ማለት ነው። ሳይበላ ለወረደው ገበያው ሌላ ቃል አለው፤ «እጁ ንጹሕ ነው» ይሉታል፣ እሱንም ግማሽ ሳይተዉ።