የእንቅስቃሴ ዕቅድ፦ ኦቲዝምና የትኩረት ችግር ባለባቸው ልጆች ዘንድ

የእንቅስቃሴ ዕቅድ የሚባለው አካል ከመንቀሳቀሱ በፊት አእምሮ የሚሠራው ሥራ ነው፤ በየትኛው እጅ፣ በየት በኩል፣ በምን ያህል ጉልበት፣ ከዚያስ ምን ይከተላል የሚለውን አስቀድሞ ይወስናል። ወሎ ውስጥ ይህን ለማየት ቤተ ሙከራ መግባት አያስፈልግም፤ ረከቦት አጠገብ መቀመጥ ይበቃል። በአፉ የተደፋ ሲኒ የሚያነሳ ሰው ብዙ ጊዜ አውራ ጣቱን ወደ ታች አዙሮ ይይዘዋል። ሲይዘው አይመችም፤ ሲኒው ሲቀና ግን እጁ ተመቻችቶ ይገኛል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዴቪድ ሮዘንባም አንድ አስተናጋጅ የተደፉ ብርጭቆዎችን ሲያቀና አይቶ ነገሩን ማጥናት ጀመረ፤ ውጤቱንም ከባልደረቦቹ ጋር በ1990 እ.ኤ.አ. አሳተመ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ልጆች ይህን ችሎታ ይዘው አይወለዱም። ከሦስት ዓመት ገደማ ጀምሮ እስከ አሥር ዓመት አካባቢ ቀስ እያለ ይበስላል።

ኦቲዝም ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከንግግርና ከሰው ጋር ከመግባባት ጋር ነው። ሆኖም የኦስትሪያው የሕፃናት ሐኪም ሐንስ አስፐርገር ገና በ1944 እንዲህ ያሉ ልጆችን የእንቅስቃሴ አለመቀናጀት መዝግቦ ነበር። በ1996 ተመራማሪዋ ክሌር ሂዩዝ በሮዘንባም ዓይነት ሙከራ እንዳሳየችው፣ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች መጨረሻውን አስበው የሚይዙት አልፎ አልፎ ነው (ከዚያ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ግን ሁሉም በዚህ አልተስማሙም)። ለእኔ ይበልጥ የሚገርመው በ2007 የወጣው የጣሊያን ጥናት ነው። ሰው ሊጎርስ እጁን ወደ ምግቡ ሲዘረጋ አፍ የሚከፍተው ጡንቻ ገና ከዚያው መሥራት ይጀምራል። ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ግን ጡንቻው የነቃው ምግቡ ወደ አፍ መምጣት ሲጀምር ነበር። እንጀራ ቆርሶ፣ ወጥ ጠቅልሎ፣ መጉረስ ለኛ አንድ ድርጊት ነው፤ ለእንዲህ ያለ ልጅ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ሊሆኑበት ይችላሉ።

የትኩረት ችግር (በእንግሊዝኛ ADHD የሚባለው) ያለበት ልጅ ነገር ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ዕቅዱ አለው፤ ግን አቅዶ ሳይጨርስ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ዛሬ የተሳካለት ነገ ይበላሽበታል፤ የጊዜ ምጣኔውም ይዋዥቃል። ከእነዚህ ልጆች ግማሽ ያህሉ የእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግርም አለባቸው። ሁለቱ፣ ኦቲዝምና የትኩረት ችግር፣ አንድ ልጅ ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ በአሜሪካው የምርመራ መመሪያ ግን ይህን አንድ ላይ መመዝገብ የተፈቀደው በ2013 ነው።

በደሴም ሆነ በገጠሩ ወሎ እንዲህ ላለው ልጅ ሰው ችግሩን ከመረዳቱ በፊት ስም ያወጣለታል፦ አንዱ «ፈዛዛ»፣ ሌላው «ቀዥቃዣ»። ሁለቱም ስሞች ጥፋቱን በፈቃዱ ላይ ይጥሉበታል። ችግሩ በደንብ የሚታየው በጨዋታ ነው። ቅልብልቦሽ ጠጠር ወደ ላይ ወርውሮ፣ ከመሬት ሌላውን ለቅሞ፣ የወረደውን መቅለብ ይጠይቃል፤ የዕቅድ ፈተና ቢባል ማጋነን አይደለም። ፊደል ሲጻፍም እንደዚሁ፦ «ለ» «ሉ» ለመሆን አንዲት ጭረት ይበቃዋል፣ ልጁ ግን ሁሉንም ከባዶ እንደሚሥል ሆኖ ይጀምራል። በአንጻሩ የማይለወጥ ቅደም ተከተል ያለው ነገር፣ ለምሳሌ ውዱእ (ሙስሊሞች ከሶላት በፊት የሚታጠቡት)፣ በእኔ ግምት ሊያግዘው ይችላል፤ ከእጅ ተነስቶ እስከ እግር ድረስ ቀጥሎ የሚመጣው የታወቀ ነው።

ሕክምናው በአብዛኛው ልምምድ ነው። ለትኩረት የሚሰጠው መድኃኒት አንዳንድ ልጆች ላይ የእጅ ጽሑፍን ያሻሽላል፤ የቅንጅት ችግሩን ግን ብቻውን አይፈታም። ሥራውን የሚመሩት የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሰው የዕለት ተዕለት ሥራውን ራሱ እንዲሠራ በልምምድ የሚያግዝ ሕክምና) ባለሙያዎች ናቸው፤ ሙያው በኢትዮጵያ ገና ለጋ ሲሆን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያስተምረዋል። ብዙ ወላጅ ባለሙያ እስኪያገኝ ድረስ ቤት ውስጥ የሚሞክረው ዘዴ አለ፦ ሥራውን ቆራርጦ ከመጨረሻው መጀመር። እናት የሸሚዙን ቁልፎች ሁሉ ትቆልፍና የመጨረሻዋን ለልጁ ትተዋለች። እሷን ሲለምድ ሁለት ትተውለታለች፣ ከዚያ ሦስት፤ በየቀኑ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሸሚዝ።