ስለ እንጨት ቶርኖ የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባሕር ዳር ላይ ቶርኖ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የአልጋ እግርና የደረጃ መደገፊያ የሚያወጡት የእንጨት ሥራ ቤቶች ናቸው። ግን እንጨትን እያሽከረከሩ በመሮ መቅረጽ በትርፍ ሰዓት ቤት ውስጥም የሚሠራ ነው። ሳህን ይወጣል፣ የቅመም ዕቃ ይወጣል፣ የጧፍ ማቆሚያ፣ ዘነዘና፣ የጭራ እጀታ ይወጣል። በእጁ ሠርቶ መስጠት ለሚወድ ሰው ከዚህ የሚያስደስት ሙያ አላውቅም። ልጀምር ብለው የሚያማክሩኝ ሰዎች ግን ከሰው የሰሙትን አንድ ዓይነት ነገር ይዘው ይመጣሉ። አንዳንዱ ወሬ ሰውን ሳይጀምር ያስቀረዋል። አንዳንዱ ደግሞ ከጀመረ በኋላ ያስጎዳዋል። ስለዚህ አንድ በአንድ ልሂድባቸው።

"ውድ ማሽን ከሌለ አይጀመርም"

ቶርኖ ኤሌክትሪክ ከመምጣቱ በፊት የኖረ መሣሪያ ነው። ግብፅ ውስጥ በፔቶሲሪስ መቃብር ላይ ሁለት ሰዎች በቶርኖ ሲሠሩ የሚያሳይ ቅርጽ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ የተሠራ ነው። አንዱ በገመድ እንጨቱን ያዞራል፣ ሌላው ይቀርጻል። እንግሊዝ አገርም ችልተርን በሚባሉት ኮረብታዎች የወንበር እግር ሠሪዎች እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ጫካ ውስጥ በእግር በሚረገጥ ቶርኖ ይሠሩ ነበር።

ያ የእግር ቶርኖ እዚህም በቀላሉ ይሠራል። ሁለት ጠንካራ ቋሚዎች ትተክላላችሁ። በየቋሚው ላይ የሾለ ብረት ታስገቡና እንጨቱን በሁለቱ ሹሎች መሐል ትይዙታላችሁ። ገመድ እንጨቱ ላይ አንድ ጊዜ ይጠመጠማል። የገመዱ አንድ ጫፍ ከላይ ከተዘረጋ ቀጭን የባሕር ዛፍ አጣና ጋር ይታሰራል፤ ሌላው ጫፍ ከታች ከእግር መርገጫ ጋር። ስትረግጡ እንጨቱ ወደ እናንተ ይዞራል፣ ያኔ ትቀርጻላችሁ። እግራችሁን ስታነሱ አጣናው ተወጥሮ ገመዱን ይመልሰዋል፣ ያኔ መሮውን ታላላላችሁ። ሲታይ አዝጋሚ ይመስላል፤ እጅን የሚያሠለጥን ግን እሱ ነው። መብራት ጠፋ አልጠፋም አያገባውም።

ሞተር ያለው ከፈለጋችሁ ያገለገለ ሞተር፣ ቺንጋ፣ ሁለት ኩሽኔታና ጎበዝ በያጅ ይበቃል። አዲስ የታሸገ ማሽን የግድ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ግን መጀመሪያ የምታደርጉት ነገር ማብሪያ ማጥፊያውን መዝጋት ይሁን። ክፍት ትታችሁት ከሄዳችሁ መብራቱ በመጣበት ቅጽበት ማሽኑ በራሱ ይነሳል። ያኔ ልጅ አጠገቡ ቆሞ ሊሆን ይችላል።

"የሚያስተምር ሰው የለም"

ከተማችን በዚህ ደሃ አይደለችም። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በፈረንጆቹ 1963 በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ሲከፈት ከሚያሠለጥንባቸው ሙያዎች አንዱ የእንጨት ሥራ ነበር። ሰፈራችሁ ያለ የእንጨት ሥራ ቤት ሄዳችሁ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ሻይ ጋብዙ፣ ጠይቁ። መሮው ሲቀርጽ በሚደገፍበት ማሳረፊያ ላይ እንዴት እንደሚያስቀምጠው፣ ሰውነቱን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ ተመልከቱ። የሰለጠነ ባለሙያ የሚቀርጸው በክንዱ ብቻ አይደለም፤ ከወገቡ ጀምሮ ነው የሚሄደው። ጉልበት ይጠይቃል፣ የወንድ ሥራ ነው የሚባለውም በዚሁ ይፈርሳል። የሚቆርጠው የእንጨቱ ዙርና የመሮው ስለት ነው። ሴቶችም ወንዶችም እኩል ይሠሩታል።

"ጓንት ካደረግኩ እጄ አይጎዳም"

ይሄኛው አደገኛ ነው። የሚሽከረከር እንጨት ጓንት ከያዘ እጁን ይዞ ነው የሚሄደው። በቶርኖ ላይ ጓንት አይደረግም። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ሻርፕ፣ ሰፊ እጅጌ አይለበስም። ፀጉር ወደ ኋላ ይታሰራል። የአንገት ማተብ ሸሚዝ ውስጥ ይገባል፤ ቀለበትና የእጅ መቁጠሪያ ይወልቃል። የሚያስፈልገው ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መከለያ ነው፤ የዓይን መነጽር ብቻውን አይበቃም። እንጨት ተሰንጥቆ ሲወረወር ዓይንን ብቻ መርጦ አይመታም። ስታለሰልሱ ደግሞ ማስክ አድርጉ። ደቃቁ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ይቀራል።

ሌላው የፍጥነት ነገር ነው። ጀማሪ ማሽኑ በፈጠነ ቁጥር ሥራው የሚያምር ይመስለዋል። የምመክረው ስሌት ይሄ ነው፦ የእንጨቱን ስፋት በሴንቲ ሜትር ለክታችሁ 15,000ን ለሱ አካፍሉ። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ሳህን 750 ዙር በደቂቃ ይመጣል። እንጨቱ ገና ክብ ካልሆነ ከዚያም ቀንሱ። ማሽኑ ከተንቀጠቀጠ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው፤ አጥፉት። ከማብራታችሁ በፊትም እንጨቱን በእጃችሁ አንድ ዙር አዙሩት፣ የሚነካው ነገር እንዳለ ታውቃላችሁ። ሲበራ ደግሞ ፊት ለፊቱ አትቁሙ።

"ለጀማሪ ደነዝ መሮ ይሻላል፤ ያረጀ ሞረድም ጥሩ መሮ ይወጣዋል"

ደነዝ መሮ አይቆርጥም፣ ይገፋል። የሚገፋ ሰው ሚዛኑን ያጣል፣ መሮው እንጨቱን ነክሶ ይዘላል። የሳለ መሮ ረጅም ፍቅፋቂ ያወጣል። የሚወጣው እንደ ዱቄት የደቀቀ ሰጋቱራ ከሆነ ቆም ብላችሁ ሳሉ። አንድ ሳህን እስኪያልቅ ደጋግሞ መሳል የተለመደ ነው፤ ጊዜ ማባከን አይደለም።

ሞረዱ ግን ከደነዝ መሮም የባሰ ነው። የሞረድ ብረት በጣም ጠንካራ ነው፣ ግን ተሰባሪ ነው። ቶርኖ ላይ እንጨቱ ሲነክሰው ተሰብሮ ስባሪው ፊት ላይ ሊመጣ ይችላል። አቅም ለሌለው ሰው የተሻለው መንገድ ብረት ቀጥቃጭ ጋ ሄዶ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ማሠራት ነው። ባሌስትራ መታጠፍንና መመታትን እንዲችል ሆኖ የተሠራ ብረት ነው። ግሎ በደንብ ከተነከረና እንደገና በመጠኑ ሞቆ ጥንካሬው ትንሽ ከተቀነሰ ስለት ይይዛል፣ አይሰበርም። እጀታውን ረጅም አድርጉት።

"ጥሩ ዕቃ የሚወጣው ከዋንዛ ብቻ ነው"

ዋንዛ ደግ እንጨት ነው፣ አልክድም። ግን ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ ሕግ የሚጠብቃቸው ዛፎች ናቸው። የጣና አካባቢም በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ለትርፍ ጊዜ ሥራ ተብሎ አንድም አገር በቀል ዛፍ መውደቅ የለበትም። ከገዳማቱና ከአብያተ ክርስቲያናቱ ደን ደግሞ የወደቀ ቅርንጫፍ እንኳ ሳይጠየቅ አይነሳም። ይሄን የምለው ከልቤ ነው። በደሴቶቹና በባሕሩ ዳር የቀረው ጥላ እነሱ የጠበቁት ነው።

ዋንዛ ካማራችሁ የእንጨት ሥራ ቤቶች የሚጥሉትን ቁርጥራጭ ጠይቁ። ለቅመም ዕቃና ለጧፍ ማቆሚያ ይበቃል። ከዚያ ውጭ ዙሪያችን ያለው እንጨት ብዙ ነው። የመንገድ ዳር ጃካራንዳ ሲከረከም የሚወጣው ግንድ ቀላልና ነጣ ያለ ነው፣ ለጀማሪ እጅ ይመቻል። የግቢ ማንጎ ሲቆረጥ ባለቤቱ ለማገዶ ከመፍለጡ በፊት ድረሱበት፤ ውስጡ ጠቆር ያለ መስመር ያለበት ይገኛል። ዘይቱንና ሎሚ ጠንካራና ደቃቅ ናቸው፣ በደንብ ይለሰልሳሉ።

የዘጌ ቡና ደግሞ ለብቻው ይነሳ። ያረጀ የቡና ግንድ ሲጎነደል ቀጭን ነው፤ ሳህን አይወጣውም። ግን ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ለእጀታ፣ ለትንሽ ዘነዘና፣ ለእንዝርት ተወዳዳሪ የለውም። ቡና ለሚያፈላ ሰው ከቡና እንጨት የተሠራ ዘነዘና መስጠት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ አስቡት።

ለማጠኛ የሚሸጠውንም ወይራ ገበያ ላይ አገላብጣችሁ እዩ። ወፈር ያለና ያልተሰነጠቀ ከተገኘ ጥሩ ዕቃ ይወጣዋል፤ ከባድ ነው፣ መሮ ቶሎ ያደነዝዛል። ባሕር ዛፍ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ለሳህን አልመክርም። ግራቪሊያ አንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ሽፍታ ያመጣል፣ የማንጎ ወተትም እንዲሁ። ቁልቋልን ግን ጨርሶ አትንኩ፤ ወተቱ ዓይን ያጠፋል።

"እርጥብ እንጨት አይሠራም" እና "ፀሐይ ላይ ካሰጡት በሁለት ሳምንት ይደርቃል"

ሁለቱም ልክ አይደሉም። እርጥብ እንጨት ለመሮ ከደረቁ ይለሰልሳል፣ ብናኙም ያነሰ ነው። ችግሩ ከተሠራ በኋላ ነው። እንጨት ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ደግሞ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይሸበሸብም። በዓመት ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚሸበሸበው ከመሐል ወደ ውጭ ከሚሸበሸበው እጥፍ ገደማ ነው። ስንጥቅና መጣመም የሚመጣው ከዚህ ነው። ፀሐይ ላይ ስታሰጡት ላዩ ቀድሞ ይደርቃል፣ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ከዚያ ይፈነዳል።

መንገዱ ይሄ ነው። ግንዱን በመሐል ሰንጥቁት፣ የመሐሉን እምብርት አውጡ። ዛሬ የማትሠሩት ከሆነ በሁለቱም ጫፍ የቀለጠ ሰም ቀቡት፤ እንጨት ውሃ ቶሎ የሚያጣው በጫፉ ነው። ሳህን ከሆነ እርጥብ እያለ ቅርጹን በሻካራው አውጡ፣ ውፍረቱን ከስፋቱ አንድ አሥረኛ ተዉለት። የ20 ሴንቲ ሜትር ሳህን 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይቀረዋል ማለት ነው። ከዚያ ከራሱ ፍቅፋቂ ጋር ካርቶን ውስጥ ከታችሁ ጥላ ቦታ አስቀምጡት። በየሳምንቱ በኩሽና ሚዛን መዝኑት፣ ክብደቱን ጻፉበት። መቅለሉን ሲያቆም ደርቋል። ተጣሞ ሞላላ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ያቺ የተተወችለት ውፍረት እንደገና ክብ ለማድረግ ነች።

የኛ አየር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። መጋቢት ላይ ደረቅ ነው፣ ሐምሌ ላይ ከሐይቁም ከሰማዩም እርጥበት ነው። ሚያዝያ ላይ ጥብቅ አድርጋችሁ የገጠማችሁት ክዳን ክረምት ላይ አልከፈት ይላል። ክዳን ያለው ዕቃ ስትሠሩ ትንሽ ላላ አድርጉት። ለጥር ሠርግ የሚሰጥ ሳህን ከሆነ ሐሳቡ ኅዳር ላይ ሳይሆን ከዓመት በፊት ይጀምር።

"የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ካልተቀባ አያምርም"

ቫርኒሽ ለጌጥ ዕቃ ጥሩ ነው። ማንኪያ ለሚጭረው፣ ውሃ ለሚነካው ሳህን ግን ይላጣል፤ ከተላጠ ማደሱ አድካሚ ነው። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኘው እንጨቱ ውስጥ ይጠነክራል። ስስ አድርጎ መቀባት፣ የተረፈውን መጥረግ፣ ቀናት ሰጥቶ መድገም ነው። የኑግ ዘይትም ይደርቃል፣ ግን ከተልባ ይዘገያል። የወይራ ዘይት አይደርቅም፣ ውሎ አድሮ ይሸታል። ቀለም ቤት የሚሸጠው የተልባ ዘይት ማድረቂያ የተጨመረበት ከሆነ ለምግብ ዕቃ አትጠቀሙበት። በመጨረሻ አንድ እጅ ንብ ሰም በአራት እጅ ዘይት ቀልጦ ሲቀባ ለስላሳ፣ ለእጅ የሚሞቅ ገጽ ይሰጣል። ለዚህ ማር አገር ጎጃም ላይ ሆኖ የውጭ ሰም መግዛት አያስፈልግም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨባብጦ ጥግ ላይ ከተጣለ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል፣ ያለ ክብሪት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁን ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

"በእጅ የተሠራ ስጦታ ገንዘብ ያጠረው ሰው ነገር ነው"

ይህን ስሰማ ያናድደኛል። የእጅ ሥራን መናቅ የቆየ በሽታችን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን ጠይብ እያሉ፣ ሌላውንም ባለሙያ በሥራው እየጠሩ የሚሰድቡትን ሰዎች ገሥጸው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ንቀቱ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀንም። ከሱቅ የተገዛ የፕላስቲክ ዕቃ በስጦታ ወረቀት ተጠቅልሎ ሲመጣ እናከብራለን፤ ሰው ወራት የለፋበትን ግን "ራሱ ነው እኮ የሠራው" እንላለን። ራሱ መሥራቱ እኮ ነው ዋጋው።

የተሠራው ለማን እንደሆነ ከታወቀ ደግሞ ስጦታው የበለጠ ይከብራል። ጥጥ ለምትፈትል እናት እንዝርት፣ በእጇ ክብደት ልክ። ለአያት ወይም ለንስሐ አባት የጭራ እጀታ፣ መዳፋቸው የሚይዘው ውፍረት ተለክቶ። ለሙሽሮች ክዳን ያለው የቅመም ዕቃ። ለጎረቤት ልጅ የሚሽከረከር መጫወቻ፣ ያውም በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ። ከሥሩ የእንጨቱን ስም፣ የመጣበትን ቦታና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት። "ማንጎ፣ ከእትዬ ግቢ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ሳህን ከእጅ አይወጣም።

ስትሰጡ አጠባበቁንም አብራችሁ ንገሩ፣ አለዚያ ሥራችሁ በወር ይበላሻል። ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ አይደር። በሳሙናና በውሃ ቶሎ ይታጠብ፣ በጨርቅ ይጠረግ፣ ጥላ ላይ ይድረቅ። ሲደበዝዝ ትንሽ ሰምና ዘይት ይቀባ። ትኩስ ወጥ አይገላበጥበት፤ ለቆሎ፣ ለዳቦና ለፍራፍሬ ይሁን።