የቴርሞሜትር ካሊብሬሽን፦ መለኪያውን ማን ይለካዋል?

ካሊብሬሽን ማለት አንድን መለኪያ ልኩ በደንብ ከታወቀ፣ ከእሱ ከሚሻል መለኪያ ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን መመዝገብ ነው። ማስተያየት እንጂ መጠገን አይደለም። ብዙ ሰው «ካሊብሬት ተደረገ» ሲባል ተስተካከለ ማለት ይመስለዋል። ከፋርማሲ የምንገዛው እስክሪብቶ መሳይ ዲጂታል ቴርሞሜትር ግን በአብዛኛው ማስተካከያ የሚባል ነገር የለውም። ስህተቱ ከተፈቀደለት ካለፈ መጣል ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጫፉ ላይ ቴርሚስተር የምትባል ትንሽ ሴንሰር አለች። ሙቀት ሲጨምር ኤሌክትሪክን የመቋቋም አቅሟ ይቀንሳል። ቺፑ ይህን ለውጥ ወደ ዲግሪ ይቀይረዋል። መሣሪያው ወድቆ ጫፉ ከተጎዳ ወይም እርጥበት ከገባበት ቁጥሩ ሊዛባ ይችላል። ክፋቱ፣ ይህ ስክሪኑ ላይ አይታይም። የተበላሸውም ደህናውም እኩል ጥርት አድርገው 37.2 ይላሉ።

በዚህ የተሸወዱ ትልልቅ ሰዎችም አሉ። የሰው ሙቀት 37 ዲግሪ ነው የሚለውን ያስለመደን የላይፕዚጉ ሐኪም ካርል ቩንደርሊክ ነው፤ ሥራውን ያሳተመው በ1868 ነበር። የእሱ ነበር የሚባል አንድ ቴርሞሜትር ፊላደልፊያ በሚገኘው ሙተር ሙዚየም ተቀምጧል። ከብዙ ዘመን በኋላ ሲፈተሽ ከአንድ ዲግሪ በላይ ከፍ አድርጎ ሲያነብ ተገኘ። በ1992 የወጣ ጥናት ደግሞ የጤነኛ አዋቂዎችን አማካይ ሙቀት 36.8 አድርጎታል።

ታዲያ ለነጥብ ምናምን ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? በሕፃናት ሕክምና መመሪያ በብብት ሲለካ 37.5 እና ከዚያ በላይ ትኩሳት ነው። ወባ ባለበት አካባቢ ይህ ቁጥር ልጁን ወደ ደም ምርመራ ይወስደዋል። ቴርሞሜትሩ 0.3 ዝቅ አድርጎ የሚያነብ ከሆነ 37.7 ያለው ልጅ 37.4 ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ደግነቱ መመሪያው እናት «ትኩሳት ነበረው» ካለችም ይቀበላል። በእኔ እይታ ብዙ ልጅ ያዳነው ይሄ የእናት ቃል ነው።

ኤኤስቲኤም የተባለው የአሜሪካ መስፈርት አውጪ ድርጅት ኢ1112 የተባለ መስፈርት ከ37 እስከ 39 ዲግሪ ባለው መሀል ስህተቱ ከ0.1 እንዳይበልጥ ያዛል። ወደ ዳርና ዳር ሲኬድ ይላላል፤ ከ35.8 በታችና ከ41 በላይ 0.3 ድረስ ይፈቅዳል። ጥብቅ የሆነው የትኩሳት ውሳኔ የሚሰጥበት ቦታ ላይ ነው።

ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራው የሚሠራው ሁልጊዜ በሚማሰል ውሃ ነው። ውሃ ካልተማሰለ ከላይና ከታች እኩል አይሞቅም። ማመሳከሪያው የፕላቲነም ቴርሞሜትር ነው። እሱም በተራው በሌላ ከፍ ባለ መለኪያ ተፈትሿል። ሰንሰለቱ እንዲህ እየወጣ የአገሪቱ የሥነ ልክ ተቋም ይደርሳል፤ ከዚያም አልፎ እንደ ውሃ ሦስትዮሽ ነጥብ፣ ማለትም በረዶ፣ ውሃና እንፋሎት አብረው የሚቆሙበት 0.01 ዲግሪ፣ ወዳሉ የተፈጥሮ ልኮች። ባለሙያው ለምሳሌ 35፣ 37፣ 39 እና 41 ላይ የሚፈተሸውንና ማመሳከሪያውን አብሮ ነክሮ፣ እስኪረጋ ጠብቆ ያነባል። ውጤቱን ጽፎ ቀን ያለበት ስቲከር ይለጥፋል።

አንድ ወጥመድ አለ። በ10 ሴኮንድ የሚጮሁት ዘመናዊ ቴርሞሜትሮች ሙቀቱን እስከ መጨረሻው አይለኩም፤ አካሄዱን አይተው ይገምታሉ። ግምቱ የተሠራው ለሰው ገላ ነው። ውሃ ውስጥ ግን ይሳሳታል። ስለዚህ ሲፈተሹ ግምት ወደሌለው ቀጥተኛ ንባብ መቀየር አለባቸው።

የኩሽና ዘዴዎች ለዚህ ዕቃ አይሠሩም። በረዶ ውሃ ውስጥ ቢነከር ከ32 ዲግሪ በታች የማያነበው ብዙ ነው፤ «ዝቅተኛ» የሚል ምልክት ብቻ ያሳያል። የፈላ ውሃ ደግሞ ያበላሸዋል። አዲስ አበባ ላይ እንደሁ ከፍታው ስለሆነ ውሃው ራሱ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ቤት ውስጥ የሚቻለው ውሃ የማያስገቡ ሁለት ቴርሞሜትሮችን ፔርሙዝ ውስጥ ባለ ለብ ያለ ውሃ እያማሰሉ ማወዳደር ነው። በጣም ከተለያዩ ቢያንስ አንዱ ዋሽቷል። ከተስማሙ ግን እውነተኛ ናቸው ማለት አይደለም፤ ተስማምተው ሊዋሹም ይችላሉ።

በኮቪድ ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ ይደቀን የነበረው «ሽጉጥ» የተለየ ነው። የሚያነበው ከቆዳ የሚወጣውን የማይታይ ጨረር ስለሆነ በውሃ አይፈተሽም፤ ውስጡ ጥቁር የሆነና ሙቀቱ የታወቀ ክፍተት ላይ ተነጣጥሮ ነው የሚፈተሸው። ጠዋት በብርድ መጥተን 34 ምናምን ሲለን ጥፋቱ ሁልጊዜ የመሣሪያው አልነበረም። ግንባራችን እውነትም ቀዝቅዞ ነበር። በጆሮ የሚለካው ደግሞ ሌንሱ ላይ ኩክ ከተጋገረበት ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ ይህን ለማስተካከል ላቦራቶሪ አያስፈልግም፣ አምራቹ እንዳለው መጥረግ ብቻ ነው።