በቤት የሚሠራ የፍላሽ ጄል፦ ከደሴ ሰርግ እስከ ሐይቅ ዳር

ጄል ማለት በካሜራ ፍላሽ ፊት የሚታሰር ባለቀለም ስስ ፕላስቲክ ነው። ከፍላሹ የሚወጣውን ነጭ ብርሃን ቀለሙን ይቀይረዋል። ስሙ የመጣው ከጄላቲን ነው። ድሮ ቲያትር ቤቶች የመድረክ መብራት የሚያቀልሙት ቀለም በተነከረ የጄላቲን ሉህ ነበር። ያ ሉህ ሙቀትና እርጥበት ስለማይችል ዛሬ ፖሊስተርና ፖሊካርቦኔት ተክተውታል። ስሙ ግን እንዳለ ቀረ።

ወሎ ውስጥ ይህን ነገር ከምንም በላይ የሚያስፈልገው የምሽት ሰርግ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ መርሳ፣ ድንኳኑ ውስጥ ቢጫ አምፖል ይደረደራል። ፍላሽ ሲበራ ሙሽሮቹ ነጭ ይሆናሉ፤ ከኋላቸው ያለው እድምተኛ ሁሉ ብርቱካን ይለብሳል። ዋይት ባላንሱን፣ ማለትም ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲወጣ ካሜራው ቀለም የሚያርምበትን ማስተካከያ፣ ለአምፖሉ ስናስተካክለው ደግሞ ይገለበጣል። ድንኳኑ ይስተካከልና የሙሽራዋ ፊት ሰማያዊ ይመታል። ካሜራ በአንድ ጊዜ ማረም የሚችለው አንዱን ብርሃን ነው።

የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫና ቀይ፣ ሲጨምር ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ፍላሽ 5500 ገደማ ነው። የቤት ቢጫ አምፖል 2700 አካባቢ፣ የጧፍ ብርሃን ደግሞ 1900 አካባቢ ነው። ስለዚህ የፍላሹ ብርሃን አምፖሉን እንዲመስል መጀመሪያ የሚሠራው ጄል ብርቱካን መሆን አለበት። ቀይና ሐምራዊ ያምራሉ፤ ግን ሥራ የሚያድነው ብርቱካኑ ነው።

ዕቃው ሩቅ አይደለም። ስጦታ የሚጠቀለልበት ባለቀለም ሴሎፎን ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ይገኛል። ፎቶ ኮፒ ቤቶች መመረቂያ ጽሑፍ ሲጠርዙ ከላይ የሚያደርጉት ብርሃን አሳላፊ ሽፋንም አለ፤ ባለቀለሙ እንዳለ ይሆናል፣ ነጩ ደግሞ በማርከር ይቀባል። የከረሜላ መጠቅለያም ያገለግላል። ውስጡ ብርማ የሆነው ግን ብርሃን አያሳልፍም። ጽሑፍ የታተመበትም አይመከርም፤ ጥቁሩ ፊደል ሙቀት ስለሚስብ ከሌላው ቀድሞ ይቃጠላል።

አሠራሩ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ስፋቱ 8፣ ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቁራጭ ይቆረጣል። የፍላሹን ፊት ሸፍኖ በሁለቱም ጎን እንዲታጠፍ ይደረግና ብር በሚታሰርበት ላስቲክ ይታሰራል። ስኮች በቀጥታ ፍላሹ ላይ ባይለጠፍ ይሻላል፤ ሲሞቅ ሙጫው ይቀራል። ብዙ ሰው ፕላስቲኩ ተጨማደደ፣ የማርከሩ መስመር ታየ ብሎ ይጨነቃል። ይህ ችግር የለውም። ጄሉ ፍላሹ ላይ ስለተለጠፈ መስመሩ ፎቶው ላይ አይወጣም፤ ብርሃኑ ተቀላቅሎ ነው የሚሄደው። መጠንቀቅ ያለብን በጎን ለምታመልጥ ነጭ ብርሃን ነው። ትንሽ ክፍተት እንኳ ቀለሙን ታፈዛዋለች።

ሙቀት ቀልድ አያውቅም። የሱቅ ጄል ሙቀት እንዲችል ተደርጎ ይሠራል፤ ሴሎፎን ግን አይደለም። ኮምቦልቻ አንድ ሰርግ ላይ ዘፈኑ ደመቀና ፍላሹን በሙሉ ኃይል ደጋግሜ አበራሁት። ብርቱካኑ ሴሎፎን ቀልጦ መስታወቱ ላይ ተጣበቀ። ከዚያ ወዲህ ከሩብ ኃይል በላይ አልወጣም፤ አይሶውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ አድርጌ አካክሳለሁ። ጥቅጥቅ ያለ ቀለም የበለጠ ሙቀት ስለሚይዝ የበለጠ ማረፍ ይፈልጋል።

ቀለሙ ልክ መሆኑን ለማወቅ ነጭ ነጠላ ከሁሉ ይበልጣል። ነጠላውን አምፖሉ ሥር ሰቅሎ ዋይት ባላንሱን አምፖል ላይ ማድረግ ነው። መጀመሪያ ያለ ፍላሽ፣ ቀጥሎ በጄሉ ፍላሽ ይነሳል። ሁለቱ ፎቶዎች ላይ ነጠላው አንድ ዓይነት ነጭ ከሆነ ተሳክቷል። ሰማያዊ ከቀረው አንድ ድርብ ይጨመራል፤ ከቀላ ይቀነሳል። በፍሎረሰንት በሚበራ አዳራሽ ውስጥ ግን ብርቱካን አይሠራም፤ እዚያ የሚፈለገው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች ደግሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይ ስላላቸው በየቤቱ መፈተን ግድ ነው።

ጄል ብርሃን ይበላል። ሙሉ ብርቱካን ወደ አንድ ስቶፕ የሚጠጋ ይወስዳል፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ደማቅ ቀይና ጥልቅ ሰማያዊ 2 ስቶፕና ከዚያ በላይ ይወስዳሉ፤ 2 ስቶፕ ማለት ብርሃኑ ወደ ሩብ ወረደ ማለት ነው። በአውቶማቲክ የሚሠራ ፍላሽ ራሱ ያካክሳል፣ ባትሪው ግን ቶሎ ያልቃል።

ቀለም ለውበት ሲሆን ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ነጭ ግድግዳ ላይ ቀይ ጄል ያለው ፍላሽ ቢበራ ግድግዳው ቀይ ይሆናል። ደመቅ ያለ ቀለም የፈለገ ሰው ግን ኃይሉን መቀነስ አለበት፤ ብርሃኑ ሲበዛ ቀይ ወደ ሮዝ ይነጣል። እኔ የምወደው ሐይቅ ዳር፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለውን ሰዓት ነው። ዋይት ባላንሱን አምፖል ላይ አድርጎ፣ ፍላሹ ላይ ብርቱካን ማሰር። ሰውየው በተፈጥሮ ቀለሙ ይወጣል፣ ሰማዩና ውሃው ግን ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናሉ። ከጦሳ ተራራ ላይ ሆኖ ከታች ደሴ መብራቷን ስትለኩስም እንደዚሁ ነው፤ የከተማዋ መብራት ከሰማያዊው መሃል ጎልቶ ይወጣል።

ላሊበላ በገና ዋዜማ ከግቢው ውጭ ጧፍ ይዘው የሚያመሹ ምእመናንን አስፈቅዶ ማንሳት ለሚፈልግ፣ አንድ ብርቱካን አይበቃም። ከጧፉ ቀለም ለመቅረብ ሁለት ድርብ ያስፈልጋል፤ የፍላሹም ኃይል በጣም መቀነስ አለበት፣ አለዚያ የጧፉ ነበልባል ይጠፋል። ከአለት በተፈለፈሉት ቤተ መቅደሶች ውስጥ ግን፣ ጥንታዊ ሥዕልና ጸሎት ባለበት፣ ፍላሹ ጠፍቶ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። እዚያ የምጠቀመው ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳው ሰፊ የሆነ ሌንስና የጧፉን ብርሃን ነው።