«መድኃኒት የሚውጥ እምነት የለውም» ያለው ማነው?

የምሠራው ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ መድኃኒት ቤት ነው። እሑድ እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ሁለቱም ጋ «መጽሐፍ ቅዱስ እኮ እንዲህ ይላል» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ መጽሐፉ እንደዚያ አይልም።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም። «ገንዘብ የክፋት ሁሉ ሥር ነው» ይባላል፤ ጳውሎስ የጻፈው «ገንዘብን መውደድ» ብሎ ነው (1ኛ ጢሞ. 6፥10)። ሰብአ ሰገልን ሦስት የሚላቸው ትውፊት ነው፤ ማቴዎስ ስጦታውን እንጂ ሰዎቹን አልቆጠረም። መግደላዊት ማርያም ዘማዊ ነበረች የሚለው በአራቱም ወንጌል የለም። ሉቃስ በምዕራፍ 8 ሰባት አጋንንት የወጡላት ይላታል፤ በምዕራፍ 7 ያለችው ኃጢአተኛ ሴት ደግሞ ስሟ አልተጻፈም።

«ሕመም የኃጢአት ቅጣት ነው» የሚለው ሰው ይጎዳል። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ «እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ የበደሉት?» ብለው ሲጠይቁ፣ ጌታ እርሱም ወላጆቹም አለመበደላቸውን ነግሯቸዋል (ዮሐ. 9)። ልጇን የሚጥል በሽታ የያዘባትን እናት «ምን ሠርተሽ ነው?» የምትል ጎረቤት ይህን ምዕራፍ ታንብብ።

ደሜን የሚያፈላው ግን መድኃኒት መዋጥ የእምነት ማነስ ነው የሚሉት ነገር ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት እናት የራስ ምታት ኪኒን ሊገዙ መጡ። ባንኮኒውን የያዘው እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ግፊታቸውን ስለካ 190 በ110። «እማማ፣ የግፊት መድኃኒት የለዎትም?» ስላቸው የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው የአምሎዲፒን እሽግ አወጡ። ከአሥሩ ፍሬ የጎደለው ሁለት ብቻ ነው። «ተዪውና እመኚ ተባልኩ፣ ልጄ» አሉኝ። ወዲያው በታክሲ ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተርፈዋል።

እስቲ መጽሐፉን እንክፈተው። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ ሲያለቅስ እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰምቶ 15 ዓመት ጨመረለት። ያንኑ የምሥራች የነገረው ኢሳይያስ በእባጩ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግበት አዘዘ (ኢሳ. 38)። ጸሎቱም መድኃኒቱም በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ናቸው። ጳውሎስ ስንቱን የፈወሰ ሐዋርያ ሆኖ ሳለ ጢሞቴዎስን ለሆድ ሕመሙ ጥቂት ወይን ጠጅ እንዲጠጣ መከረው። ወንጌሉን የጻፈልን ሉቃስ ራሱ «የተወደደው ባለ መድኃኒቱ» ነው የተባለው (ቆላ. 4፥14)። በ81ዱ መጻሕፍታችን ውስጥ ያለው ሲራክ ደግሞ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል፤ አስተዋይ ሰው ከምድር የተገኘውን መድኃኒት እንደማይንቅም ይናገራል።

ንጉሥ አሳን የሚጠቅሱብኝ አሉ። እውነት ነው፣ እግሩን ሲታመም «ባለ መድኃኒቶችን እንጂ እግዚአብሔርን አልፈለገም» ተብሎ ተወቅሷል (2ኛ ዜና 16፥12)። ጥፋቱ እግዚአብሔርን መተዉ ነው። ሐኪም ቤት ሲሄድ የሚጸልይ ሰው አሳን አይመስልም።

ጸበልን የምነቅፍ የሚመስለውም ይኖራል። እኔው ራሴ እንጦጦ ማርያም ወጥቼ እጠመቃለሁ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ሕሙማን ጸበሉንና የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። ጸበል የጀመረ ሰው ኪኒኑን የሚጥልበት ምክንያት የለም። ዳንኩ ያለም ቢሆን መጀመሪያ ይመርመር፤ ጌታ እንኳ ከለምጽ ያነጻውን ሰው ሄደህ ራስህን ለካህን አሳይ ብሎታል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ የሚበዛው ጥያቄ «የጠዋቷን ኪኒን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ላቆያት?» የሚል ነው። ለአንዳንዱ መድኃኒት ይቻላል፣ ለአንዳንዱ አይቻልም። ኢንሱሊን ተወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ስኳርን በድንገት አውርዶ ራስን ያስታል። ስለ ጾሙ የንስሐ አባታችሁን፣ ስለ ሰዓቱ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ጾሙ ሳይገባ ጠይቁ፤ እሽጉንም ይዛችሁ ኑ፣ የኪኒኑን ቀለም ብቻ ነግራችሁኝ መልስ ልሰጣችሁ አልችልም።