የሲሙሌተር ምዘና ምንድን ነው? ጄት አብርሮ ለማያውቅ

ቅዳሜ ዕለት ሜክሲኮ አካባቢ ካፌ ቁጭ ብለናል። አብሮኝ ያለው የጎረቤቴ ልጅ ነው። ሴስና ላይ፣ ማለትም በትንሿ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን፣ ተምሮ የንግድ አብራሪነት ፈቃዱን አውጥቷል። አሁን አየር መንገድ ለኢንተርቪው ጠርቶታል። ማኪያቶው ፊቱ ቀዝቅዟል።

«ጋሼ፣ ጄት እኮ ነክቼ አላውቅም። ሲሙሌተር ውስጥ አስገብተው ምን ሊያዩብኝ ነው?»

ሲሙሌተሩ ራሱ ብዙም ሚስጥር የለውም። የአውሮፕላኑ ኮክፒት፣ የአብራሪዎቹ ክፍል፣ ቁርጥ ነው፤ በሚንቀሳቀሱ እግሮች ላይ ቆሞ ይወዛወዛል። ያስነሱሃል፣ ከፍታ ሰጥተው «እዚህ ያዝ» ይሉሃል፣ 45 ዲግሪ አዘንብለህ ትዞራለህ፣ ሆልዲንግ ትገባለህ (ተራ እስኪደርስህ አየር ላይ መዞር ነው)፣ በአይኤልኤስ (ወደ ማረፊያው በሚመራ የሬዲዮ ምልክት) ትወርዳለህ፣ አስፋልቱ አልታይ ሲልህ መልሰህ ትወጣለህ። አውቶፓይለት ብዙ ጊዜ የለም። በእጅህ ነው።

ፈታኙ ጄት እንደማታውቅ ማመልከቻህ ላይ አንብቧል። ስለዚህ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ስትሳሳት ምን ታደርጋለህ? አንዴ የነገረህን በሁለተኛው ዙር ታስተካክላለህ? አጠገብህ የተቀመጠውን ረዳት ታሠራዋለህ ወይስ ሁሉንም ብቻህን ልትሠራ ትሞክራለህ?

ከሴስና የሚለይበትን ለማስረዳት ቸርችል ጎዳናን ጠቀስኩለት። ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሀር ቁልቁለት ነው። በላዳ የሚወርድ ሰው ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ደርሶ ፍሬን ቢይዝ ይበቃዋል። ሰው ጢም አድርጎ የጫነው የአንበሳ ሹፌር ግን ገና ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ሳለ ነው ማሰብ ያለበት። ጄት አንበሳ አውቶቡስ ነው።

በቁጥር እንየው። ሴስና 172 ለማረፍ ሲመጣ 65 ኖት ገደማ ነው (ኖት የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ነው)፤ ጄቱ ቦይንግ 737 ደግሞ እንደ ክብደቱ 140 አካባቢ። በተለመደው 3 ዲግሪ ቁልቁለት ላይ የመሬት ፍጥነትህን በ5 አባዛው፤ በደቂቃ ስንት ጫማ እንደምትወርድ ይነግርሃል። ለሴስናው 325፣ ለጄቱ 700። ቦሌ ላይ ደግሞ ይብሳል። ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ ከ7,600 ጫማ በላይ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። መሣሪያው 140 እያሳየህ መሬቱን በ160 ገደማ ትቆርጠዋለህ። 700 የነበረው 800 ሆነ ማለት ነው። ሞተሩም ቢሆን እንደ ሴስናው ፒስተን ሞተር እሺ ባይ አይደለም። ፓወር ጨምረህ እስኪሞላ ሰከንዶች ያስጠብቅሃል።

እኔን የሸወደኝ ይኸው መጠበቅ ነው። በመጀመሪያው ምዘናዬ 45 ዲግሪ ላይ እየዞርኩ ፍጥነቱ ወረደ። ፓወር ጨመርኩ። ምንም የለም። አሁንም ጨመርኩ። ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ መጡና ከፍታዬን 300 ጫማ አለፍኩ። በአሜሪካኖቹ የአየር መንገድ አብራሪ መለኪያ የሚፈቀደው 100 ነው። «ይቅርታ» አልኩ። ፈታኙ ዞር ሳይል «ይቅርታውን ተወውና አፍንጫውን አውርድ» አለኝ።

መድኃኒቱ ፒችና ፓወር ነው። አፍንጫው ስንት ዲግሪ ላይ፣ ሞተሩ ስንት ፐርሰንት ላይ እንዳለ ካወቅህ ፍጥነቱ ራሱ ይመጣል። የ737 ኤንጂ (ከ737 ትውልዶች አንዱ ነው) አብራሪዎች የፍጥነት መለኪያው አልታመን ሲል በቃላቸው የያዙት ቁጥር አለ፤ ፍላፕ (ለመነሳትና ለማረፍ ከክንፉ የሚዘረጋው) ካልወጣ 4 ዲግሪና 75 ፐርሰንት። መለኪያው ተበላሽቶ እንኳ አውሮፕላኑ ይበራል! ስለዚህ በየትኛው አውሮፕላን እንደምትፈተን ቀድመህ ጠይቅ፤ ነውር የለውም። ለመነሳት፣ ቀጥ ብሎ ለመብረር፣ ለማረፍ የሚሆኑ አምስት ስድስት ቁጥሮች በቃልህ ያዝ። ቁጥሩን አስገባ፣ ትሪም አድርግ (መሪውን ሳትገፋው አውሮፕላኑ ባለበት እንዲቆይ)፣ ጠብቅ። የመለኪያ መርፌ አታሳድድ።

ልጁ ቤቱ ልደታ ነው። ቦሌ ሳይሠራ የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ እዚያው ሰፈሩ ነበር፤ ለጄት ስላልበቃ ነው የተተወው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ጄቶች፣ ቦይንግ 720ቢዎቹን፣ የተረከበው እ.ኤ.አ. በ1962 መጨረሻ ነው። እስከዚያ ድረስ የነበረው ሁሉ ፕሮፔለር ነበር። ይህን ስነግረው ትንሽ ቀለል አለው።

ልምምዱ ገንዘብ አይጠይቅም። የኮክፒቱን ፎቶ በልኩ አሳትመህ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለህ፣ ፊት ለፊቱ ወንበር ታደርጋለህ፣ ከመነሻ እስከ ማረፊያ እጅህ እየሄደ፣ አፍህ እየተናገረ ትበራለህ። ድምፅ ማውጣቱ ግድ ነው። በሆድ የተባለ ነገር እዚያ ሲደርስ ይጠፋል። እናቱ ልጄ ለየለት እንዳይሉ ግን አስቀድሞ ይንገራቸው።

«እስቲ አሁን አስነሳ» አልኩት። ማንኪያውን እንደ መሪ ያዘ፣ ቀስ አድርጎ 15 ዲግሪ ሳበው፣ ሰሀኑን ትኩር ብሎ እያየ፣ ካፌው በሙሉ እስኪሰማ፣ «ፖዘቲቭ ሬት! ጊር አፕ!» አለ። ወደ ላይ እየወጣን ነው፣ ጎማው ይሰብሰብ ማለቱ ነው።

አስተናጋጇ ዞረች። «ሂሳብ ነው ያላችሁት?»